መጥፎ ፊልም እንዲህ አይደለም!

ኧረ ሰለቸኝ! «በዓለም ላይ ከተሠሩት ፊልሞች የመጨረሻው መጥፎ የቱ ነው?» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያው የፈረደበት «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» ይጠራል። «አይተኸዋል?» ስል ዝም። ከሰው አፍ የሰማውን ነው የሚደግመው።

እኔ አይቼዋለሁ። ታዋቂው ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1956 ሞተ። ዳይሬክተሩ ኤድ ዉድ በእጁ የቀረችው ቀረጻ ጥቂት ስትሆንበት፣ ሚስቱን የሚያክመውን ወጌሻ አምጥቶ፣ ፊቱን በካባ አስሸፍኖ «ይኸው ሉጎሲ» አለን። ሰዎቹ እኮ በቁመት እንኳን አይገናኙም! በሳቅ ሞትኩ። ታዲያ እንዲህ ያሳቀኝ ፊልም በምን ሒሳብ ነው መጥፎ የሚባለው?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዘ ሩም»ም ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ በፍሬም የተቀመጠ የማንኪያ ፎቶ አለ (አዎ፣ የማንኪያ)፤ ፎቶው በታየ ቁጥር ተመልካቹ የፕላስቲክ ማንኪያ ወደ ስክሪኑ ይወረውራል። ማንኪያ ቋጥሮ ሲኒማ የሚሄድ ሰው ፊልሙን ጠልቶት ነው?

መጥፎ ማለትስ ያ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የሚፈነዳ፣ ግን ለሳቅም ለንዴትም የማይበቃው ነው። ባለፈው አንዱን እያየሁ ተነስቼ ስልክ አወራሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ያው ሕንፃ እየፈረሰ ነው! ስሙን ልነግራችሁ ነበር፤ ጠፋኝ።