ቢላዬን ስለወሰዳችሁልኝ አመሰግናለሁ

እግዜር ይስጣቸው የካምፓሳችን በር ጥበቃዎች! ባለፈው ከሐዋሳ ገበያ አናናስ ገዝቼ በባጃጅ ስመለስ ቦርሳዬን እስከ ስፌቱ በረበሩና አንዲት ቢላ አገኙብኝ። ቅቤ ለመቁረጥ እንኳ የምትለግም ቢላ ናት። ጋሼ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩዋት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና እሷን።

«ምን ልታደርጊባት ነው?»

«አናናስ ልልጥ።»

«እንዲህ ብሎ ነው የሚጀመረው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዛሬ አናናስ፣ ነገ ፓፓያ። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቀኑን ሙሉ ስል ቢላ ይዘው እየዋሉ ከተማችን እስካሁን እንዴት እንደተረፈች እንጃ።

እጄን ዘርግቼ እንደቆምኩ መስታወቷ የጠቆረ መኪና መጣች። ሰውዬው ወገባቸው ላይ ሽጉጥ ሽጠዋል፣ በተከፈተው መስኮት ፍንትው ብሎ ይታያል። ጋሼ ቢላዬን እንደጨበጡ ሰላምታ ሰጡና ሰንሰለቱን አወረዱ። ጨዋነት ማለት ይሄ ነው! ትልቅ ሰው ይፈተሻል እንዴ? ነውር ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል የጦር መሣሪያ ሕግ አለ ልል ነበር፣ ግን የቀጣይዋን ልጅ ሹካ እየመረመሩ ስለነበር ሥራ አላስፈታም ብዬ ተውኩት።

ዶርም ስገባ ደግሞ ፈላስፋ አይጠፋም። «ምን ልዩነት አለው? ቀኑ ከደረሰ በመርፌም ይሞታል» አለችኝ ጓደኛዬ። ሽጉጥን ከመርፌ እኩል የምታደርግ ፍልስፍና፣ እንዴት ደስ ትላለች! እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2012 ቻይና፣ ሄናን ውስጥ አንድ ሰው ቢላ ይዞ ትምህርት ቤት ገብቶ 23 ሕፃናትና አንዲት አዛውንት ወጋ፣ አንድም አልሞተም። በዚያው ቀን አሜሪካ፣ ሳንዲ ሁክ የሚባል ትምህርት ቤት ጠመንጃ ይዞ የገባው ግን 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ገደለ። የቻይናዎቹ ቀናቸው አልደረሰም ነበር ማለት ነው!

ቢላ የያዘ ሰው አጠገብሽ መድረስ አለበት፣ እስከዚያ ትሮጫለሽ፣ በር ትዘጊያለሽ፣ ወንበር ታነሺያለሽ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይበራል፣ አንዱ ካዝና ደግሞ 30 ይይዛል። እኔ ከበሩ እስከ ዶርሜ አምስት ደቂቃ እሄዳለሁ።

ትናንት በበሩ ሳልፍ ጋሼ በቢላዬ ማንጎ እየላጡ ነበር። «ነይ እንብላ» አሉኝ። ቁጭ ከማለቴ መኪናዋ መጣች፣ ማንጎ በሚያንጠባጥብ እጃቸው ብድግ ብለው ሰላምታ ሰጡ።