ቁጠባን ወጪ ብሎ የሚቆጥር ሕግ

ባለቤቴ ትናንት ማታ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ምንም አልተናገረችም። ተነሥቼ አነበብኩት። የምትሠራበት የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ለሠራተኞቹ የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ የምንኖርበት የኮሎራዶ ግዛት ለሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎችና ለአካል ጉዳተኞች የሚከፍለው የጤና መድን) አገልግሎት ሰጪዎች ጨምሮት የነበረውን 1.6 በመቶ መልሶ ስላነሣው በዚህ ዓመት የደመወዝ ጭማሪ አይኖርም ይላል። መጨረሻው ላይ ስለ ትጋታቸው ያመሰግናቸዋል።

ይህን የምጽፈው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። አውሮራ፣ ዴንቨርና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ረጅም ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ የእናንተም ጓዳ ውስጥ አለ።

ባለቤቴ የምትንከባከባቸው አዛውንት ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ጠዋት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ታነሣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ሸሚዛቸውን መጀመሪያ በታመመው እጅ በኩል ታለብሳቸዋለች፤ በደኅናው ከጀመረች ትከሻቸውን ያማቸዋል። እርሷ ራሷ ቤት ስትገባ ወገቧን ይዛ ነው የምትቀመጠው። በዚህ ከተማ ይህን ሥራ ተሸክመው ከሚያድሩት መካከል የእኛ እናቶችና እኅቶች ስንት እንደሆኑ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

እዚያው ማቀዝቀዣ ላይ፣ ከአዲሱ ደብዳቤ ጎን፣ ጫፉ የተጣጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። በፈረንጆቹ 2022 በቡሄ ሰሞን ከቼክ ጋር የመጣ ነው። ያን ጊዜ ግዛቱ ገንዘብ ተርፎት ነበርና ለአንድ ሰው 750፣ ግብራቸውን አብረው ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት 1,500 ዶላር ላከ። ገዥው ጃሬድ ፖሊስ ለሁለተኛ ጊዜ የተወዳደሩበት ዓመት ነበር። እኛም ደስ አለን፤ አልዋሽም። የመኪናውን አራት ጎማ ቀየርን፤ የቀረውን ለእናቴ ለጣሪያ ቆርቆሮ ላክንላት። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የ2023ን ግብር ስናሳውቅ ለእያንዳንዳችን 800 ዶላር ተመለሰልን። በሁለቱም ዙር ግዛቱ የመለሰው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ማለቴ ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ደሜ ፈላ። መንግሥቱ ያው፣ ገዥው ያው። በ2022 ጠግቦ ቢሊዮኖችን በተነ፤ ሲርበው ደግሞ እጁን የዘረጋው በሽተኛ ወደሚያነሡ ሴቶች መቀነት ነው።

ሰዉ "ፖለቲከኞች ናቸው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ማሳየት የምፈልገው ሕጉን ነው። በኅዳር 1992 የኮሎራዶ መራጮች በግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ ማሻሻያ አጸደቁ። ዋና አርቃቂው ዳግላስ ብሩስ ነው፤ የሰነዱ ስም የግብር ከፋዮች መብት ድንጋጌ ይባላል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ እኛ ሐበሾች "ታቦር" ብለን እናነበዋለን፤ እናቴ በስልክ ስነግራት ተራራው መስሏት ነበር። ታቦር የሚለው ይህ ነው፦ መንግሥት ሕዝብን በድምፅ ሳይጠይቅ ግብር መጨመር አይችልም፤ በዓመት ይዞት የሚቀረው ገቢም ከዋጋ ንረትና ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት በላይ ማደግ የለበትም። ከዚያ ጣሪያ በላይ የገባው ገንዘብ፣ መራጩ "ያዙት" ካላለ በቀር፣ ወደ ሕዝቡ ይመለሳል።

ግብር ከመጨመርህ በፊት ጠይቀኝ የሚለውን ክፍል አከብረዋለሁ። ሳይጠየቅ ሲከፍል የኖረ አባት ልጅ ነኝና የጥያቄውን ዋጋ አውቃለሁ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ነገር ነው። ሕጉ "የበጀት ዓመቱ ወጪ" የሚለውን ሲተረጉም በመጠባበቂያ ላይ የሚጨመርን ገንዘብም ወጪ ይለዋል። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንድ መንግሥት ዛሬ የተረፈውን ለነገ ላስቀምጥ ቢል፣ ያስቀመጠው እንዳጠፋው ይቆጠርበታል። ለድንገተኛ አደጋ 3 በመቶ ያዝ ተብሏል፤ ነገር ግን የኢኮኖሚ ሁኔታና የገቢ ማነስ እንደ ድንገተኛ አደጋ እንደማይቆጠሩ እዚያው ተጽፏል። ኢኮኖሚው ቢወድቅ፣ ገቢው ቢነጥፍ፣ ሣጥኑ አይከፈትም ማለት ነው። ምክር ቤቱ በራሱ ሕግ የሚይዘው ሌላ መጠባበቂያ አለ፤ እርሱም የሚቀነሰው ከጣሪያው በታች ካለችው ገንዘብ፣ ከትምህርት ቤቱና ከመንገዱ ጋር እየተሻማ ነው።

ይህ ለምን እንደዚህ እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በአንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ስምንት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ሰኔን አውቀዋለሁ። ሰኔ 30 በጀቱ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ የመለሰ መሥሪያ ቤት ደግሞ "መጠቀም አልቻለም" ተብሎ በመጪው ዓመት ይቀነስበታል። ስለዚህ ከግንቦት ማብቂያ ጀምሮ ጥድፊያ ነው። የግዢ ጥያቄ በላይ በላዩ ይጎርፋል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ማንም ያልጠየቀው ሥልጠና ይታቀዳል፣ ሰው በአበል ከተማ ሆቴል ይከርማል። አንድ ዓመት ሰኔ 28 ቀን መብራት ጠፍቶ በባትሪ ዕቃ ስንረከብ አመሸን። አርባ ካርቶን የማተሚያ ቀለም ነበር። የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 ላይ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማተሚያችን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከተበላሸ ወራት አልፈውታል። በዚያው ሳምንት የአንዲት ቀበሌ ሰዎች የውኃ ፓምፓቸው እንዲጠገን ያቀረቡት ጥያቄ "የበጀት ርዕስ የለውም" ተብሎ ተመልሷል። ያንንም ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ በሁለተኛው ዓመት ካርቶኑ ውስጥ ደረቀ። ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው በጽሕፈት ቤታችን በር የሚያልፉት ሴቶች ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም።

አሜሪካ ስመጣ ያንን በሽታ እዚያው ትቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። የኮሎራዶ የበጀት ዓመት የሚያበቃው በጁን 30 ነው። ከሰኔ 30 የሚለየው ሰባት ቀን ነው። እዚያ የተረፈው ቀለም ተገዝቶበት ይደርቃል፤ እዚህ የተረፈው ተቆራርጦ በቼክ ይበተናል። በሁለቱም አገር ገንዘቡ ዓመቱን ተሻግሮ የክፉ ቀን ሰው እንዲደርስለት አይፈቀድለትም።

ክፉ ቀን ደግሞ መምጣቱን ኮሎራዶ ደጋግማ አይታለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ጣሪያው ከወደቀው ገቢ ጋር አብሮ ወረደ፤ ኢኮኖሚው ሲያገግም ግን ጣሪያው እዚያው ዝቅ ብሎ ቀረ። በ2005 መራጩ ከጣሪያው የአምስት ዓመት እፎይታ የሰጠው ለዚህ ነው፤ ሪፐብሊካኑ ገዥ ቢል ኦውንስ ራሳቸው ደግፈውታል። ቀጥሎ የ2008 ቀውስ መጣ። ግዛቱ ከትምህርት ቤቶች ድርሻ በሕግ መቀነስ ጀመረ፤ ቅነሳው እስከ 2024 ድረስ ዘለቀ፤ በድምሩ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። እኔና ባለቤቴ ያንን 1,500 ዶላር በደስታ በተቀበልንበት በ2022 እንኳን ቅነሳው አልቆመም ነበር። ከልጆቻችን የጎደለ ገንዘብ ሳለ ነው ጎማ የቀየርንበት። በ2018 መምህራኑ ክፍላቸውን ዘግተው ዴንቨር ምክር ቤቱ ደጅ ወጥተው ነበር። ዛሬ በኮሎራዶ ካሉት የትምህርት አስተዳደር ወረዳዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሳምንት አራት ቀን ብቻ ነው የሚያስተምሩት፤ አብዛኞቹ ትንንሽ የገጠር ወረዳዎች ናቸው። የእኔ ልጅ አምስት ቀን ትማራለች፤ የሳይንስ መምህሯ ግን ዓመቱ ሳይጋመስ የተሻለ ወደሚከፍል ሥራ ሄደባት፤ እስከ ፋሲካ ተተኪ እየተቀያየረባት ከረመች።

በ2025 ደግሞ ምን ሆነ? በሐምሌ የፌዴራሉ አዲስ የግብር ሕግ ተፈረመ። የኮሎራዶ የገቢ ግብር የሚሰላው ከፌዴራሉ ስሌት ተነሥቶ ስለሆነ፣ የበጀት ዓመቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎደለ። በነሐሴ ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከ2022ቱ ትርፍ ግማሹ እንኳን ተቆልፎ ቢቀመጥ ኖሮ ያንን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ይደፍነው ነበር። አልተቀመጠም፤ ስለዚህ ቅነሳው ወርዶ ወርዶ የእኛ ማቀዝቀዣ በር ላይ ደረሰ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ቡና ስንጠጣ ይህንኑ አንሥቼ ከአንድ ወዳጄ ጋር ተጋጨን። የጭነት መኪና ባለቤት ነው፤ በሳምንት አምስት ሌሊት ከቤቱ ውጭ ያድራል። "ላቤን ጠብ አድርጌ ያመጣሁት ገንዘብ ነው፤ ከተረፋቸው ይመልሱልኝ፤ እነርሱ እጅ ከቀረ ቀለም ይገዙበታል" አለኝ። የቀለሙን ታሪክ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ በራሴ ምስክርነት ረታኝ። እውነትም አለው። ካሊፎርኒያ በግንቦት 2022 የ97.5 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ አለኝ አለች፤ ስምንት ወር ሳይሞላ የ22.5 ቢሊዮን ጉድለት ይዛ ብቅ አለች። ሚኒሶታ በ2023 ወደ 17.5 ቢሊዮን ዶላር ተርፏት አብዛኛውን አወጣችው፤ ለአንድ ሰው 260 ዶላርም ላከች፤ ብዙ ሳይቆይ ስለ መጪ ዓመታት ጉድለት ማውራት ጀመረች። የአንድ ዓመት ሲሳይ ላይ የዘለዓለም ደመወዝ የሚመሠርት መንግሥት እኔንም ያስፈራኛል። ለድኻ ቤተሰብ 750 ዶላር ስንት ነገር እንደሆነ የሚነግረኝ ሰውም አያስፈልገኝም፤ ቆርቆሮው አለልኝ።

ለወዳጄ ያልኩትን እዚህም እደግመዋለሁ። እኔ ያጥፉት አላልኩም፤ ይቆልፉት ነው ያልኩት። ግብርን በመጥላት ቴክሳስን የሚበልጥ ግዛት ማን ነው? ቴክሳስ ግን በ1988 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከነዳጅና ከጋዝ ግብር የሚሞላ መጠባበቂያ አቋቋመች፤ ገንዘቡን ለማውጣትም ከተራ አብላጫ ያለፈ ድምፅ ያስፈልጋል። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህሉን ለየቤቱ ቢያከፋፍለው ኖሮ በስምንተኛው ዓመት ወንድሞቹ ምን ሊሸምቱ ይመጡ ነበር? ኮሎራዶ ጣሪያውን ትያዘው፤ ግብር ስትጨምርም ትጠይቀን። ከጣሪያው በላይ የገባውን ግን ቢያንስ ግማሹን ጎተራ ታስገባው፤ ጎተራውም ገቢ በወደቀ ዓመት ብቻ ይከፈት፤ ለሐኪም ቤት፣ ለትምህርት ቤትና እንደ ባለቤቴ ላሉት ሠራተኞች ብቻ ይሁን። አዲስ መርሐ ግብር እንዳይጀመርበት በሕግ ይታገድ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው።

ቀላል ያልሆነው እኛ ነን። በ2019 ግዛቱ ትርፉን ይዞ ለትምህርትና ለመንገድ እንዲያውለው መራጩ ተጠየቀ፤ እምቢ አለ። በ2023 ከንብረት ግብር ቅነሳ ጋር ተጣምሮ እንደገና ተጠየቀ፤ አሁንም እምቢ አለ። በሁለቱም ጊዜ ዜግነት የወሰድን ስንቶቻችን ድምፅ ሰጠን? ባለፈው ለማርያም ማኅበር የመጡትን ጠየቅኋቸው። ከአሥራ አንድ ሰዎች ሁለቱ። ሌሎቹ ፖስታውን ከገበያ ማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ጥለውታል። አልፈርድባቸውም፤ ጽሑፉ ጠበቃ ለጠበቃ የጻፈው ይመስላል። ግብር ለመጨመር የሚቀርበው ጥያቄ በትልልቅ ፊደላት "የግዛቱ ግብር በዚህን ያህል ይጨመር ወይ?" ብሎ እንዲጀምር ሕጉ ራሱ ያዝዛል፤ ይህን የለመደ ሰው ትርፉ ይያዝ ወይ ተብሎ ሲጠየቅም ቀጥሎ ያለውን ሳያነብ "አይሆንም" ላይ ያጠቁራል። ትርፉን መያዝ ግብር መጨመር አለመሆኑን የሚያስረዳው በየቤታችን የሚላከው ሰማያዊ መጽሐፍ ነው፤ እርሱም ሳይገለጥ ይጣላል።

የምርጫ ወረቀቱ በጥቅምት በፖስታ ይመጣል። ሰማያዊው መጽሐፍ ከእርሱ ቀድሞ ይደርሳል። እባካችሁ አትጣሉት። እንግሊዝኛው የከበዳችሁ፣ እናቶቻችንም ጭምር፣ ይዛችሁት እኔ ቤት ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አለሁ። ባለቤቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ አንድ በአንድ በአማርኛ አነብላችኋለሁ፤ "አዎ" ወይም "አይሆንም" ማለቱ የእናንተ ነው። ሁለቱ ወረቀቶችም እዚያው ማቀዝቀዣው በር ላይ ናቸው፤ አልነቅላቸውም።