ዘፋኙንስ እናውቃለን፤ ትሮምፔቱን የነፋው ማነው?

"እና አንተ ራስህ አትጫወትም?"

"አልጫወትም፣ ጋሼ።"

"አትዘፍንም?"

"ድምፄን እያወቁት?"

"ሌላ ሰው ይጫወታል፤ አንተ ስለ እሱ ትጽፋለህ። ለዚህ ይከፍሉሃል።"

"ይከፍሉኛል።"

አጎቴ ዓሣውን ዳጣ ውስጥ ነከር አድርገው ጎረሱ። ሐይቁን አዩ። እግራችን ሥር ፍርፋሪ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ አዩ። "አገር ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ" አሉ። አድንቀው ይሁን አሹፈው እስካሁን አልገባኝም።

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ነን። ወሩ ታኅሣሥ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ምሥራቁ ጠረፍ ላይ ነው። ሥራዬን ለቤተሰብ ማስረዳት ካቃተኝ ቆይቷል። እማዬ ለጎረቤት "ጋዜጠኛ ነው" ትላለች። ሲላት ደግሞ "የሙዚቃ አስተማሪ" ታደርገኛለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ "ባንድ አለው" ስትል ሰምቼ ዝም አልኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ኦርኬስትራ ኮንሰርት ሲያቀርብ ለገባው ሰው ሁሉ በር ላይ ቡክሌት ይታደላል። ውስጡ ለሚቀርበው ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጽሑፍ አለ። ማን ደረሰው? መቼ? ምን አግኝቶት? መጀመሪያ የት ተሰማ? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አድማጩ ጆሮውን የት ላይ ቢጥል ይጠቀማል? ያንን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከ500 እስከ 800 ቃል ይፈቀድልኛል። ሰው ወንበሩን አግኝቶ ተቀምጦ፣ መብራቱ እስኪደበዝዝ ድረስ አንብቦ መጨረስ አለበት። ክፍያው በጽሑፍ ነው እንጂ በወር አይደለም። ደግነቱ ኦርኬስትራዎች አንዱን ሥራ ደጋግመው ይጫወታሉ። ስለ ቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ የጻፍኩትን ለሦስት ከተማ ሸጬዋለሁ። አንድን በግ ሦስት ጊዜ እንደመሸጥ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ሕጋዊ መሆኑ ነው።

ለዚህ ሙያ መንገዱን ከጠረጉት አንዱ እንግሊዛዊው ጆርጅ ግሮቭ ነው። ሰውዬው መሐንዲስ ነበር። ጃማይካና ቤርሙዳ ላይ ለመርከቦች የብረት መብራት ማማ አቁሟል። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ደግሞ ለንደን በክሪስታል ፓላስ ለሚቀርቡ ኮንሰርቶች 40 ዓመት ገደማ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፏል። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው "አየህ፣ እሱ መጀመሪያ ሥራ ነበረው" አሉኝ።

ለሬዲዮም እጽፋለሁ። እሱ ይለያል፤ ለጆሮ ነው የሚጻፈው። 60 ሰከንድ ከተባለ 60 ነው። አቅራቢዋ የምታነበውን እኔ ቤቴ ሆኜ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጎረቤቴ ብቻውን ያወራል ሳይለኝ አይቀርም። የስም አጠራርም የእኔ ዕዳ ነው። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ የድቮርዣክ ስም አሜሪካኖቹን ፍዳ ያሳያቸዋል፤ "ዣ"ን በፊደላቸው የሚይዙበት የላቸውም። እኔ ለራሴ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ድ፣ ቮ፣ ር፣ ዣ፣ ክ። አምስት ፊደል፣ አለቀ። ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ የኔታ ፊደሉ አንድ ቀን ለቼክ ሰው ስም እንደሚሆን አስበው ያውቁ ይሆን?

ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ሥራዬ ልተርክ አይደለም። ስለ ስም ነው።

ቡክሌቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ስም ብቻ ነው። ኦርኬስትራው ሰማንያ ሰው ከሆነ ሰማንያ ስም። ከሁለተኛ ቫዮሊኖቹ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠችው፣ ማንም ለይቶ የማይሰማት ሴትዮ፣ ስሟ አለ። በአንድ ምሽት ትሪያንግሏን ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ ቤቱ የሚገባው ሰውዬ ስሙ አለ። ኖታውን አዘጋጅቶ በየመቆሚያው ላይ የሚያስቀምጠው ሠራተኛም አለ። ከዚያ የለጋሾች ስም ይከተላል፤ ያውም በሰጡት ገንዘብ ልክ ተደልድሎ። ብዙ የሰጠ ከላይ፣ ትንሽ የሰጠ ከታች በደቃቅ ፊደል።

መጀመሪያ ሳየው አፍሬ ነበር። ሰው የሰጠው ይጻፋል? ታኅሣሥ 19 ሐዋሳ ገብርኤል ቆሜ ግን ሳቄ መጣ። ድምፅ ማጉያው "እገሊት ስለተደረገላቸው ነገር አንድ ሺህ ብር፣ እገሌ አንድ ጃንጥላ" ይላል። ሕዝቡ እልል ይላል። ወረቀት የለውም እንጂ ያው የለጋሾች ገጽ ነው። እንዲያውም የእኛው ይሻላል። እዚያ ማንም በማንም ስም እልል ብሎ አያውቅም።

ስም መጥራትማ እናውቅበታለን ማለት ነው። የማንጠራው የሙዚቀኛውን ነው።

በማግስቱ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ባጃጅ ያዝኩ። ሬዲዮው ክፍት ነው። ሳክስፎን ይሰማል። ቀስ ያለ፣ ትዝታ ቅኝት፤ የሆነ ጎበዝ ነፍሱን እየሰጠበት ነው። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ አቅራቢው ገባበት። የጨዋታ ውጤት፣ የካርድ ሽልማት፣ "አድማጮቻችን እንደምን ዋላችሁ"። ሳክስፎኑ ከሥር እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ።

"ማነው የሚጫወተው?" አልኩት ሾፌሩን።

"የቱ ክለብ?"

"አይ፣ ሳክስፎኑን።"

በመስታወት አየኝ። "ይሄማ የስፖርት ሙዚቃ ነው!"

በቃ፣ ስሙ ያ ሆነ። አንድ ሰው ዕድሜውን የፈጀበት፣ ከንፈሩ እስኪላጥ የተለማመደው ነገር የስፖርት ሙዚቃ ሆኖ ቀረ።

እማዬ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። ሬዲዮው ሳይናገር ረዘም አድርጎ መሣሪያ ብቻ ካሰማ ሻሿን ታስተካክልና "ማን ሞተ?" ትላለች። ዋሽንት ከሆነማ ጥርጥር የላትም፤ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ እኛ ጋ ወይ ምንጣፍ ነው ወይ መርዶ።

አቅራቢዎቹ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ኤፍ ኤም ላይ የሚሠራው ልጅ ብዙውን ጊዜ የአየር ሰዓቱን ገዝቶ ነው የሚገባው። ስፖንሰሩን የሚለምነው ራሱ ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው፣ ስልክ የሚያነሳው፣ ሙዚቃ የሚመርጠውም ራሱ ነው። ስለ ሳክስፎኒስቱ የሚናገርባት 20 ሰከንድ ሊሸጣት የሚችል 20 ሰከንድ ናት። እኔን የመሰለ ሰው ከኋላው የለም። በካሴት ዘመን ቢያንስ ሽፋኑ ላይ "ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር" የምትል መስመር ነበረች። ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያቺም የለች፤ የዘፋኙ ፎቶ፣ የዘፋኙ ስም፣ አለቀ።

በሽታው ደግሞ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ነበሩ። የነሐስ መሣሪያ እየነፉ የዘመናዊ ሙዚቃችንን በር ከከፈቱት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ስለደረሱ ስማቸው ይነሳል። ልጆቹስ? "አርባ ልጆች"። ስማቸው ቁጥራቸው ነው።

ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ፣ አሜሪካ ያለ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ "90 ሰከንድ ጻፍልን" አለኝ። ማታውን ሙሉ ተቀምጬ ስጽፍ ስሰርዝ አደርኩ። በልጅነት ስዊዘርላንድ፣ ቫዮሊን። በጣልያን ወረራ ከቤተሰብ ጋር ግዞት። ካይሮ፣ ትምህርት። ግሸን ማርያም፣ ምንኩስና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን የታተመ ሸክላ። ከዚያ ገዳም ውስጥ አንድ ፒያኖና ረጅም ዓመታት። የቱን ጥዬ የቱን ላንሳ? በመጨረሻ የሕይወት ታሪኩን ግማሽ ጣልኩና ጣታቸው ትዝታን ሲነካ ፒያኖው እንዴት እንደሚያመነታ ጻፍኩ። አድማጮች ደውለው "ለምን እስካሁን አልነገራችሁንም?" አሉ ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቆጨኝ።

ሐዋሳ ያለችው የእህቴ ልጅ እማሆይን ታውቃቸዋለች። ስልኳ ላይ አሰማችኝ። "ያቺ የቡና ቪዲዮ ላይ የምትገባዋ ፒያኖ" ብላ። የስፖርት ሙዚቃ የቅርብ ዘመድ።

ፈረንጁን ብቻ አወድሼ እንዳልሄድ፣ እዚያም ጉድ አለ። ስሙ ሁሉ በትልቅ ወረቀት ይታተማል፤ ምን ያህሉ ሰው ያነበዋል? አንድ ክረምት ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሦስት ሌሊት የለፋሁበትን ቡክሌት በረዶ ያረጠበው ጫማው ሥር አነጠፈው። ምንጣፍ እዚያም አለ። ደግሞ ዝምታው! በሲምፎኒው ክፍሎች መካከል ያጨበጨበ ሰው በዓይን ይገረፋል። ቤትሆቨን ይህን ቢያይ ግራ ይገባው ነበር። ሰባተኛው ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1813 ቪየና ላይ መጀመሪያ ሲሰማ፣ ሕዝቡ ሁለተኛውን ክፍል ወዶ እዚያው አስደግሞታል። ይደገም! ገብርኤል ግን ከጎኔ የቆሙ እናት ጎሸም አደረጉኝና "አሁን ወረቡ ሊጀመር ነው፣ ከበሮውን እይ" አሉኝ። ቀጥሎም "አጨብጭብ እንጂ!" ተቆጡኝ። ጆሮዬን የት እንደምጥል በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። የጠየቁኝ ክፍያ የለም።

ወደ አሞራ ገደል ልመለስ። አጎቴን በመጨረሻ ያሸነፍኳቸው በሃይደን ነው።

ሃይደን ልዑል ኤስተርሃዚ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሙዚቀኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 ልዑሉ ገጠር ካለው ቤተ መንግሥቱ አልነሳም አለ። ሙዚቀኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ከተማ ትተው ነው የመጡት። ወራት አለፉ። ማን ደፍሮ "ልቀቀን" ይበል? ሃይደን አንድ ሲምፎኒ ጻፈ። መጨረሻው ላይ አንዱ ሙዚቀኛ ድርሻውን ይጨርስና ሻማውን አጥፍቶ ይወጣል። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ሁለት ቫዮሊን ብቻ ሲቀሩ ዜማው ያልቃል። ልዑሉ ገባው። በማግስቱ ጓዝ ተሸከፈ።

አጎቴ አጥንቱን ለአባ ኮዳው ወረወሩና ሳቁ። "ይሄማ ቅኔ ነው! ሰሙ ሙዚቃ፣ ወርቁ 'ወደ ቤታችን ስደደን'።"

ስለዚህ ሲምፎኒ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። እንዲህ አሳጥሬው አላውቅም።

"የቀሩት ሁለቱ እነማን ናቸው?"

"ራሱ ሃይደንና ቶማሲኒ የሚባል ቫዮሊኒስት ናቸው ይባላል።"

"የተቀጣሪው ስም እስካሁን ይታወቃል?"

"ይታወቃል።"

"ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት!" ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ወጣትነታቸው ዘመን ማውራት ጀመሩ። ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ነበር። ቅዳሜ ማታ ባንድ ይጫወታል። መግቢያ ስለሌላቸው ከጓደኞቻቸው ጋር አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይሰሙ ነበር። የዓሣውን ሒሳብ ወረቀት ገልብጬ እስክሪብቶ አወጣሁ። "እስቲ ስማቸውን ይንገሩኝ።" ድራሙን ነገሩኝ። ቤዙን፣ ኦርጋኑን፣ ሳክስፎኑን፣ ከነአባታቸው። ትሮምፔቱ ላይ ቆሙ። ቀይ፣ ረጅም፣ ሲነፋ ዓይኑን የሚጨፍን። ስሙ አፋቸው ላይ ነው፤ እምቢ አለ።

አሜሪካ ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የሐዋሳ ቁጥር ነው። በዚህ ሰዓት ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስደተኛ ያውቃል። ልቤ ቀጥ አለ።

"ማን ሞተ?" አልኩ፣ ሄሎ ሳልል።

"ማንም አልሞተ" አሉ አጎቴ። "ትሮምፔቱ ትዝ አለኝ።"

"ቆይ ጋሼ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።"