ማስተካከያ፦ ሳርኮዚዝም የደ ጎል መስመር ሌላ ስም አይደለም

ስለ ፈረንሳይ ቀኝ ዘመም ፖለቲካ ቀደም ብለን ባቀረብነው ጽሑፍ ሁለት ስሕተቶች ሠርተናል። የቀድሞው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ዩኤምፒ የተባለውን ቀኝ ዘመም ፓርቲ እንደመሠረቱ ጽፈናል፤ ሳርኮዚዝም የሚባለውን አስተሳሰባቸውንም ጠንካራ መንግሥትንና የፈረንሳይን ነፃ አቋም ከሚያስቀድመው ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከጄኔራል ሻርል ደ ጎል የፖለቲካ መስመር ጋር አንድ አድርገነዋል። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ዣክ ሺራክን ለመደገፍ ነው። ሳርኮዚ መሪነቱን የተረከቡት በ2004 ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ያዛባልና። ደ ጎል በ1966 ፈረንሳይን ከኔቶ የተቀናጀ ወታደራዊ ዕዝ አስወጧት፤ ሳርኮዚ በ2009 መለሷት። ይህ ብቻውን ልዩነቱን ለማሳየት ይበቃ ነበር። በ2007 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትም ካለፈው አሠራር እንደሚላቀቁ ቃል ገብተው፣ «የበለጠ ሠርቶ የበለጠ ማግኘት» በሚል መፈክር ነበር። ሲመረጡ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከገቢ ግብር ነፃ አደረጉ፤ በ2010 ደግሞ ዝቅተኛውን የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 62 የሚያሳድገውን ሕግ አስወጡ።

ይሁን እንጂ ተራ የነፃ ገበያ ሰው ብለን ብንጠራቸው ሌላ ስሕተት እንጨምራለን። በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ወቅት በቱሎን ከተማ ባደረጉት ንግግር ገበያው ሁልጊዜ ትክክል ነው የሚለውን እምነት አጥብቀው ተችተዋል። በ2007 የኢሚግሬሽንና የብሔራዊ ማንነት ሚኒስቴር ያቋቋሙትም እርሳቸው ናቸው፤ በፈረንሳይ ብርቱ ክርክር ያስነሣውን ይህን እርምጃ በመጀመሪያው ጽሑፋችን ጨርሶ አለማንሣታችንም ጉድለት ነበር።