አዲስ ዓይነት ሴኔጋላዊ

ፓሪስ ውስጥ በምሠራበት ምግብ ቤት ጓዳ አንድ ሴኔጋላዊ አለ። ሳህን ሲያጥብ ራፕ ያደርጋል። በአገሩ ቋንቋ በወሎፍ ስለሆነ አንድም ቃል አይገባኝም፤ ለእኔ ጫጫታ ነበር። አንድ ቀን «ምን እያልክ ነው?» አልኩት። «ስለ መብራት ነው» አለኝ።

መብራት ሲለኝ ልቤ አዲስ አበባ ገባ። እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ በመስኮት ነው የምናየው። የጎረቤትም ከጠፋ እንጽናናለን። ከዚያ ሻማ ፍለጋ።

የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካርም እንደዚያው ነበረች። በጥር 2011 (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው) መብራት መጥፋቱ ያንገፈገፋቸው ጓደኛሞች ሻማውን ትተው እንቅስቃሴ መሠረቱ። «ከር ጊ» የተባለው ቡድን ራፐሮች ቲያ እና ኪሊፌው፣ እንዲሁም ጋዜጠኛው ፋዴል ባሮ አሉበት። ስሙን በፈረንሳይኛ «ያን አ ማር» አሉት፤ «በቃ፣ መረረን» እንደማለት ነው።

እኔ ዘፋኝ መንግሥትን ሲነካ የማውቀው በሰምና ወርቅ ነው። አዝማሪያችን ተይዞ ቢጠየቅ «ጌታዬ፣ እኔ ስለ ፍቅር ነው ያልኩት» የሚልበት ቀዳዳ አያጣም። እነዚህ ልጆች ግን ወርቁን ያለ ሰም አወጡት። ቀዳዳም አልተዉ። ቲያም ፖሊስ ጣቢያ መግባቱ አልቀረም።

የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ በምርጫ ከግማሽ በላይ ማግኘት ሳያስፈልገው፣ 25 በመቶ ያገኘ በመጀመሪያው ዙር ያሸንፍ የሚል ሐሳብ ለፓርላማ አቀረቡ። ሰኔ 23 ቀን 2011 ሕዝቡ ሊቃወም አደባባይ ወጣ። ሐሳቡ በዚያው ቀን ተነሣ።

ከሰልፉ ይልቅ እኔን የገረመኝ አሰልቺው ሥራ ነው። ራፐሮቹ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ወጣቱን «የምርጫ ካርድ አውጣ» ሲሉ ከረሙ። ዘመቻውን በወሎፍ «መሣሪያህን ከወዲሁ ሳል» ብለው ጠሩት፤ መሣሪያው ካርዱ ነው። በመጋቢት 2012 ዋድ በማኪ ሳል ተሸነፉ። ራፕ ብቻውን ጣላቸው አልልም፤ በሁለተኛው ዙር ተቃዋሚው ሁሉ ከሳል ጋር ቆሞ ነበር።

ሳህን አጣቢው ጓደኛዬ ያኔ እዚሁ ፈረንሳይ ሆኖ መርጧል። ካርዱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ ለአገሬ ያደረግሁት ፌስቡክ ላይ መሟገት ነው። እሱንም በምሳ ሰዓት።

የያን አ ማር ልጆች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ «አዲስ ዓይነት ሴኔጋላዊ» የሚሉት። መንግሥትን ከመውቀስህ በፊት መንገድ ላይ አትሽና፣ ቆሻሻ አትጣል፣ በሰዓትህ ተገኝ ይላል። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ሥር የሚሸናበት አገር ልጅ ነኝና ሳቄ መጣ።

በማግስቱ 20 ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። ሰውዬው ሳህኑን ይዞ ቀና አለ፣ ሰዓቱን አየ።

«አሮጌው ዓይነት» አለኝ።