አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረን

ሰው ጫካ የሚሄደው ከሰው ለመሸሽ ነው ይባላል። ብቻውን የሸሸ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ከሰው የምንሸሸው ሰው ሰብስበን ነው። ከየአቅጣጫው እንጠራራለን፣ ሰዓት እንቀጣጠራለን፣ የሚያመነታውን በስልክ እንለማመጣለን። በመጨረሻም አንድ መኪና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን "ኡፍ! ከግርግር ወጣ ማለት እኮ ያስፈልጋል" እንባባላለን።

ጥብቅ ደኑ መግቢያ ላይ ሰሌዳ አለ። ከመንገዱ አትውጡ፣ እንስሳቱን አትመግቡ፣ አትጩኹ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ ይላል። ሰሌዳውን የሚያነበው የለም፤ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ የማይነሳም የለም። አንዱ ተደግፎት "እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ ጠጋ በሉ እንጂ!" እያለ ጫካውን ያናውጠዋል። ፎቶው ሲወጣ "አትጩኹ" የሚለው መስመር ልክ ከጭንቅላቱ በላይ ይነበባል። ጠባቂው ያያል፤ ምንም አይልም። ለምዶታል።

አለባበሳችንማ ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። ግማሹ ሰርግ የተጠራ ይመስላል፤ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ሱሪ፣ ገና ከፀጉር ቤት የወጣ ፀጉር። ሌላው ግማሽ ኤቨረስት ሊወጣ የተነሳ ነው፤ ገመድ፣ ቢላ፣ ፊሽካ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ኮምፓስ። መንገዱ እኮ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ በየመታጠፊያው ቀስት የተሳለበት፣ ሕፃናት እየዘለሉ የሚሄዱበት ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ሰው መንገድ ይጠፋዋል። ፈልገን ስናገኘው ባለ ኮምፓሱ ነው።

ጫካው ውስጥ ወዳለው ፏፏቴ ጉዞው ሲጀመር "ኧረ ስንት ቀረን?" የሚለው ጥያቄ ይነሳል። መኪናው ገና ከዓይናችን አልተሰወረም። አስጎብኚው ዞር ሳይል "አምስት ደቂቃ!" ይላል። ግማሽ ሰዓት ከሄድን በኋላ ብንጠይቀውም አምስት ደቂቃ ነው። ሰውየው አይዋሽም ማለት አልችልም። ግን ሰዓቱን ቢነግረን የሚሆነውን ያውቃል።

ከፏፏቴው የሚመለሱ ሰዎችም አሉ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንዷ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። "ሩቅ ነው እንዴ?" ስንላቸው ፊታቸው በአንዴ ይፈካል። "ኧረ ደርሳችኋል! እዚህ ጋ እኮ ነው፣ ይሄን ጥምዝ ዞር እንዳላችሁ!" ክፋት አይደለም። እነሱም ሲሄዱ ሌላው እንዲሁ ብሏቸዋል። አንድ ሰው ተሳስቶ እውነቱን ቢናገር ግማሻችን እዚያው ግንድ ላይ ተቀምጠን እንቀራለን። ይህ መንገድ ጎብኚ አላጣም ከተባለ ውለታው የነዚህ ደጋግ ውሸታሞች ነው።

ትክክለኛውን ጊዜ ማወቅ ለሚፈልግ ስሌቱ ከተገኘ ቆይቷል። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ደንብ አለ። በዛሬ መለኪያ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ለየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዝ፤ ሽቅብ ለምትወጣው ለየ600 ሜትሩ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምርበት። ግሩም ስሌት ነው። ችግሩ ናይስሚዝ ከእኛ ጋር አልሄደም። "ቆይ እዚች ዛፍ ሥር አንዴ አንሺኝ" የሚለውን አላሰበም። ፎቶው ከታየ በኋላ የሚመጣውን "ውይ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገሚው" አላሰበም። ኔትወርክ ያለበት አንድ ጉብታ ሲገኝ ሁሉም ሰው በአንዴ ጆሮውን ይዞ እንደሚቆም፣ መንገድ ላይ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እስኪታረቁ ሌላው ሽምግልና እንደሚቀመጥ ከየት ያውቃል? በእኛ ቤት ዳገቱ ትንሹ ችግር ነው።

በየቡድኑ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ትንሽ እንደሄድን ቆም ብሎ ደረቱን ይነፋና "ሳቡ! ኦክስጅኑን ሳቡ! ከተማ ውስጥ ይሄን አታገኙትም!" ይላል። እኛም ራሳችንን እስኪያዞረን እንስባለን። እንደ እውነቱ ከሆነ ኦክስጅን ከተማም ጫካም ያው ነው፤ ከአየሩ 21 በመቶ ገደማ። ጫካው የሚበልጠን በሌለው ነገር ነው፤ ጭሱና አቧራው ይቀንሳል። ይሄን ለአዋቂው የነገረው ሰው ግን "አንተ ደግሞ ደስታ አትወድም" ተብሎ ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ተሸካሚ ይሆናል። ቦርሳው ይከብዳል።

የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት በ1982 (እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ ጫካ ገብቶ መንፈሱን እንዲያድስ መቀስቀስ ጀምሮ ነበር። ሩጫ የለም፣ ውድድር የለም። ስልክ ኪስ ይገባል፣ ቀስ ይባላል፣ ቅጠል ይሸተታል፣ ወፍ ይደመጣል። እኛም ይህንኑ ነው የምናደርገው። ልዩነቱ ስፒከር መያዛችን ብቻ ነው።

ባለ ስፒከሩን ታውቁታላችሁ። ቦርሳው ላይ አንጠልጥሎት ከሁሉም ፊት ይሄዳል። ቀንስ ሲባል ዘፈን ይቀይራል። በሆላንድ፣ ላይደን ከተማ የሚኖሩ ወፎች የመኪናው ጫጫታ እንዳይውጣቸው ድምፃቸውን አቅጥነው እንደሚዘምሩ ተመራማሪዎች በ2003 (እ.ኤ.አ.) ጽፈው ነበር። የጫካ ወፎች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ባለ ስፒከሩ እስኪደርስ ድረስ ማለቴ ነው። ሲደርስ ድምፅ ማቅጠኑንም ትተው ብር ይላሉ። ከዚያ እሱ ራሱ ቀና ብሎ ዛፎቹን ያይና "የሚገርም ነው፣ አንድ ወፍ እንኳ የለም እኮ! ጫካው ሞቷል" ብሎ ያዝናል። ስለ አካባቢ ጥበቃ ረጅም ንግግር የሚያደርግልን እሱ ነው።

በመጨረሻ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ይህን ጊዜ ደከመኝ ሲል የነበረው ሁሉ ሩጫ ይጀምራል። አንካሳው ይድናል። ጥምዙን ዞር ስንል፣ ቅጠሉን ገለጥ ስናደርግ ፏፏቴው ፊት ለፊታችን ይቆማል። ይህን ያህል ዳገት ወጥተን፣ ይህን ያህል ላብ አፍስሰን፣ ከቡድናችን የሚወጣው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው፦

"ይሄ ነው እንዴ?"

ፎቶው ላይ ይበልጥ ነበር። ፎቶውን ያነሳው ሰው ዝናብ በጠገበ ወር መጥቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንግል አስተካክሎ ያነሳው መሆኑን ማን ያስብለት? ለፏፏቴ ማዘን የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሰው እኩል ይገመገማል። "ወፍራም መስሎኝ ነበር"፣ "በፎቶ ታምራለች፣ በአካል ግን..." የሚባልበት ቃና እኮ ያው ነው።

ይህ ግምገማ ያስጨነቃቸው አሉ። ቻይና ውስጥ ዩንታይ የሚባል 314 ሜትር የሚወረወር ፏፏቴ አለ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) አንድ ተጓዥ አናቱ ላይ ወጥቶ ሲያይ ውሃው ከቧንቧ ይወጣል። ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ። የፓርኩ ሰዎች ምን አሉ? ፏፏቴው ራሱ የሚናገር አስመስለው መልስ ጻፉ። ሐሳቡ በአጭሩ፣ እኔ የወቅት ነገር ነኝ፣ ሁሌም አምሮብኝ ልገኝ አልችልም፣ በደረቁ ጊዜ እንግዶቼ ሲመጡ አፍሬ እንዳልገኝ ትንሽ ተኳኳልኩ የሚል ነው። ሰው ሳቀ። እኔ ግን እንግዳ መጣ ሲባል ከጎረቤት ሶፋ የሚዋስ ሰው በዚህ ላይ ለመሳቅ ሞራሉን ከየት እንዳመጣው አልገባኝም።

ናያግራ ደግሞ የሥራ ሰዓት አለው። ቀልድ አይደለም። አሜሪካና ካናዳ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ተፈራርመው ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ቀን ቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ በፏፏቴው እንዲያልፍ ተስማምተዋል። ማታና በብርዱ ወራት ግን በግማሽ መቀነስ ይፈቀዳል፤ የቀረው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሄዳል። እንግዳው ሲተኛ ፏፏቴው ሁለተኛ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። ኑሮ ተወዶ የለ!

ይህን ሁሉ ለቡድናችን መንገር ይቻል ነበር። የሚሰማ ግን የለም፤ ሁሉም ጀርባውን ለፏፏቴው ሰጥቶ ስልኩን ከፍ አድርጓል። ያን ያህል መንገድ ተጉዘን የመጣንለትን ነገር የምናየው በስልኩ መስታወት፣ ያውም በትከሻችን ላይ ነው።

እዚህ ጋ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ከ2011 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) የወጡ የዜና ዘገባዎችን የሰበሰቡ አጥኚዎች ሰልፊ ሲያነሱ ሕይወታቸው ያለፈ 259 ሰዎች ቆጥረዋል። አንደኛው ምክንያት መስጠም ነው። የፏፏቴ ዳር ድንጋይ ዘወትር እርጥብ ነው፤ አልጌ ይለብስና ሙልጭልጭ ይላል፣ ደረቅ የሚመስለው ሳይቀር። በየቡድኑ ግን አንድ ጎረምሳ ጠርዙ ላይ ካልቆመ ፎቶው አይወጣለትም። አስጎብኚው በትሕትና "ወንድሜ፣ እባክህ ተመለስ" ይለዋል። አይሰማም። ጠባቂው ፊሽካ ይነፋል። አይሰማም። ከዚያ ከቡድኑ መካከል ጉልበታቸውን እያሹ የተቀመጡ አንድ እትዬ ይነሳሉ፦ "አንተ! ውረድ ብያለሁ! ለእናትህ ምን ብለን ልናረዳት ነው!" ይወርዳል። ሰሌዳው ላይ መጻፍ የነበረበት ይሄ ነበር።

ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ካፊያው ላይ ቀስተ ደመና ይወጣል። የባልና ሚስት ጠብም አብሮ ይወጣል። "እዛ ቋጥኙ ጋ ነው" ትላለች። "ኧረ ዛፉ ጋ ነው፣ አይታይሽም?" ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀስተ ደመና የሚታየው የፀሐይዋን መስመር ተከትሎ 42 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማዕዘን ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ነው የሚያየው። ከሥሩ ቆሞ ፎቶ መነሳትም አይቻልም፤ ሲጠጉት አብሮ ይሄዳል። ይህን ሲሰሙ ለጊዜው ተስማሙ፤ በእኔ ላይ።

አዋቂው ዕድሉን አላሳለፈም። "ይሄ ፏፏቴ ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ እዚህ ነው፣ ንቅንቅ አላለም" አለ። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ። ብዙ ፏፏቴ የሚፈጠረው ጠንካራ ዐለት ከላይ፣ ለስላሳው ከታች ሲሆን እንደሆነ ነገረን። ውሃው የታችኛውን እየቦረቦረ ይበላዋል፣ የላይኛው መደገፊያ ያጣና ይናዳል፣ ፏፏቴውም ወደ ኋላ ይሄዳል። ናያግራ በ12,000 ዓመት ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተጉዟል አለን።

ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ የነከረችው ልጅ ቀና አለች። "ታዲያ እየሸሸን ነበራ! አምስት ደቂቃው አላልቅ ያለው ለካ ለዚህ ነው!"

የመልሱን መንገድ በአጭሩ ልለፈው፤ ማንም አልተናገረም፣ የስፒከሩም ባትሪ አልቋል። እግዜር ይስጠው። የፕላስቲክ ጠርሙሱን በዛፍ ፍልፍል ውስጥ በክብር አስቀምጦ የሄደውን ሰውም አልፈዋለሁ። ደብቆ ሲያስቀምጥ ነው የታየው፤ የጣለ አልመሰለውም።

ኔትወርክ ወዳለበት ስንደርስ ሁሉም ስልክ በአንዴ ነቃ። ፎቶዎቹ ወደ ቡድኑ ገጽ ጎረፉ። የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው የጉዞውን ሐሳብ ካመጣው፣ ቀኑን ከመረጠው፣ "እንዳትቀሩ" ብሎ ሲወተውተን ከከረመውና ጠዋት ስልኩን አጥፍቶ ከቀረው ሰው ነው።

"የት ነው ይሄ ቦታ? ለምን አልነገራችሁኝም?" ይላል። ቀጥሎም ውሃው ትንሽ ያነሰ መሰለኝ፣ ቀጣዩን ራሴ አዘጋጃለሁ ብሎ ጻፈ። ሁላችንም አውራ ጣት ሰጠነው።