ይድረስ ለክቡር ቾያ፣ ለባለ እሾሁ የበረሃ ተክል፣ በጆሹዋ ትሪ ፓርክ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሱሪዬን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከመቀመጥ በስተቀር ለሁሉም ደህና ነኝ። ይህንን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም ቆሜ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ንጋት ላይ ከሎስ አንጀለስ ተነስተን እርስዎ ወደሚኖሩበት በረሃ ስንመጣ ክፉ ሐሳብ አልነበረንም። ስለ መግቢያው በር ሰልፍ አላነሳም፤ ቆሞ ያየው ያውቀዋል። ስለ መጸዳጃ ቤቱም ትንፋሹን ይዞ የገባ ሁሉ ይመስክር። ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሂድን ቫሊ፣ ዓለት ወጪዎች ገመዳቸውን ታጥቀው እንደ እንሽላሊት ግራናይቱ ላይ ሲለጠፉ እያየን፣ 1.6 ኪሎ ሜትሩን ዙሪያ ጥምጥም የእግር መንገድ በሰላም ጨረስን። ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን እንዳቆማት ይነገር የለ? በእንግሊዝኛ ጆሹዋ ተብሎ በስሙ የተጠራው ዛፍ በበቀለበት አገርም አናታችን ላይ ቆማ አልነቃነቅ ብላ ነበር፤ ይሁንና ለዚህ እርስዎን አልከስም።

ጥፋቴ አመሻሽ ላይ እርስዎ በብዛት ወደሚገኙበት የቾያ አትክልት ስፍራ ጎራ ማለቴ ነው። ፀሐይዋ ከኋላዎ ሆና እሾህዎን ሁሉ ወርቅ አስመስላው ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ድብ ይመስላል!» አለች። እውነትም የአሻንጉሊት ድብ የሚል ቅጽል አውጥተውልዎታል። እኔም ፎቶ ላነሳት ቁጢጥ አልኩ። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር፣ እንቁላል የሚያክል ቁራጭዎ ቀደም ብሎ ተረከዜ ላይ ተሰክቶ ይጠብቀኝ እንደነበር ነው። ቁጢጥ ስል በገዛ ተረከዜ ላይ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ፍትሕ ልናገር። ዘላይ ነው እያሉ ስምዎን የሚያጠፉ አሉ፤ እርስዎ ግን አይዘሉም። ቁራጭዎ ገና ሲነኩት ስለሚገነጠል የዘለለ ይመስላል እንጂ። የእሾህዎ ጫፍ በዓይን የማይታዩ፣ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥቃቅን መንጠቆዎች ስላሉት ሲገባ እንደ ቅቤ ነው፤ ሲወጣ ግን ሥጋ ይዞ ይወጣል። ዘርዎ አብዛኛው መካን በመሆኑ የሚባዙት ቁራጭዎ በወደቀበት ሥር እየሰደደ ነው አሉ። እንግዲያው እኔን የፈለጉኝ ለጠብ አልነበረም፤ ለቤተሰብ ምጣኔ ማነስ ነው። መቀመጫዬን ለትውልድዎ ማመላለሻነት በመምረጥዎ ኩራት ይሰማኛል።

ነገር ግን ጩኸቴን ሰምታ ልጄ እጇን ዘረጋች። አባቷን ልታድን ነበር የዘረጋችው። መዳፏ ላይ ገባህባት። አራት እሾህ ቆጥሬያለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ድምፅ አውጥታ እንኳ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀጠቀጠ። እኔን ብትበላ ይሁን፤ ከእሷ ምን ነበረህ? አገሬ ላይ ቁልቋል አለ፤ አጥር ሆኖ ቆሞ ይኖራል፣ ካልነኩት አይነካም፣ የነካውንም እስከ መኪናው ድረስ አይከተልም። አንተ ከየት የተማርከው ነው?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱታዬን ስቼ ነበር።

ደግነቱ ዓለት ወጪዎች ሲወድቁ የሚያርፉበትን ወፍራም ፍራሽ በጀርባው ያዘለ አንድ ወጣት ደረሰልን። የልጄን እሾህ በወረንጦ አንድ በአንድ ነቀለላት። ቀጥሎ ፍራሹን መኪና ማቆሚያው መሐል ዘረጋና በትሕትና በሆዴ እንድተኛ ጋበዘኝ። ከዚያ የጸጉር ማበጠሪያ አወጣ። በእርስዎና በሱሪዬ መካከል ጥርሶቹን አስገብቶ ፈንጠር ሲያደርግዎት እንደ ፌንጣ በረሩ። ባለቤቴ ነጠላዋን ከለላ አድርጋ ያዘች። በዙሪያው የነበሩት ጎብኚዎችም ጨዋ ሰዎች ናቸውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ የተራራ ፍቅር ያዛቸው።

ከወጣቱ ጓደኞች አንዱ ማበጠሪያ ሳይዝ ወደዚህ የሚመጣ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ለእኔ እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ።

በማግስቱ የተሰበረ ጫፍዎ ውስጤ በመቅረቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቅጹን የሞላው ያውቀዋል፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የኢንሹራንስ ቁጥር፣ ከዚያ ያው ስም እንደገና። «ጉዳቱ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው?» አይደለም። «ሌላ ወገን ተሳትፏል?» እዚህ ላይ እርስዎን ልጽፍዎ አስቤ አድራሻዎን አጣሁ። መጨረሻው ላይ የሰው ምስል ስለ ነበር የሚያመኝን ቦታ ምልክት እንዳደርግ ታዘዝኩ፤ ምስሉ የተሳለው ግን በፊት ለፊቱ ብቻ ነው። በጠርዙ በኩል በቀስት አመለከትኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀስቱን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የት ጋ ነው ያሉኝ?» አለች።

ቁም ነገሩን ባጭሩ ላቅርብ። ባለፈው ዓመት ካልሲዬን ወስደዋል፣ አልጠየቅሁም። ካቻምና የጫማዬን ክር፣ እሱንም ትቻለሁ። ከሱሪዬ ጋር የቀረው ቅሪትዎ ግን ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀምና፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሥር ሳይሰድ ሰብስበው እንዲወስዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ቆሞ የሚበላው ጎብኚዎ

ግልባጭ፦
ለማበጠሪያዬ፣ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ባለበት